ዋልያ ወይስ የደጋ አጋዘን? ካሜራ ይዞ ስሜንን ወይም ባሌን ለሚመርጥ

የዱር እንስሳ በተፈጥሮ ቦታው ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ሌንስ ልግዛ?" ብሎ ነው። ለእኔ ግን ቀድሞ መመለስ ያለበት "የት ልሂድ?" የሚለው ነው። ቦታው ከተወሰነ የሌንሱ ጉዳይ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ምርጫው በዋናነት በሁለት እንስሳት መካከል ነው። አንዱ ዋልያ ነው፣ ስሜን ተራሮች ላይ። ሌላው የደጋ አጋዘን ነው፣ ባሌ ተራሮች ላይ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። ዋልያን ብሔራዊ ቡድናችን ስለሚጠራበት ኳስ የማያይ ሰው እንኳን ስሙን ያውቀዋል። የደጋ አጋዘኑ ደግሞ አስር ሳንቲም ላይ ተቀርጾ በሁላችንም ኪስ ገብቶ ወጥቷል። በአካል ያያቸው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አንድ ጉዞ ብቻ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ባሌ ሂዱ። ጉልበት፣ ጊዜና ትዕግሥት ካላችሁ፣ እንስሳውን ከነተራራው አንድ ላይ ማንሳት የምትመኙ ከሆነ ደግሞ ስሜንን የሚተካ የለም። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ በዝርዝር ላስረዳ።

ምን ያህል ያስጠጋሉ?

ጥሩ የዱር እንስሳ ፎቶ ማለት እንስሳው የራሱን ኑሮ እየኖረ የተነሳ ፎቶ ነው። ሲግጥ፣ ተኝቶ ሲያመሰኳ፣ እናት ግልገሏን ስትልስ፣ ሁለት ወንዶች ሲፋጠጡ። ጆሮውን ቀስሮ ካሜራው ላይ ያፈጠጠ እንስሳ ስታዩ ፎቶ አንሺው ከሚገባው በላይ ተጠግቶ እንደነበር ወዲያው ይገባችኋል። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ዋናው መለኪያ ይህ ይሁን፦ እንስሳው ሥራውን ሳያቋርጥ ስንት ሜትር ድረስ ያስጠጋል?

በዚህ መለኪያ ዲንሾን የሚደርስበት የለም። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ቦታ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በግቢው ዙሪያ የጽድና የኮሶ ደን አለ። አጋዘኖቹ እዚያ ሰው ለምደዋል። ምክንያቱም አለው። ሌሊት ጅብ ስለሚያድናቸው ሰው ወዳለበት ጠጋ ብለው ያድራሉ። ጅቡ ሰውን ይሸሻል፣ እነሱ ደግሞ በሰው ይከለላሉ። ቀን ላይ ይህ ልማድ ለፎቶ አንሺ ይጠቅማል። በዝግታ ለሚራመድና ለማያወራ ሰው ሃያ ሠላሳ ሜትር ላይ ሣር መንጨታቸውን አያቆሙም።

በዚህ ርቀት የምታዩት ነገር ብዙ ነው። ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ቀንዱ ተጠማዝዞ ወደ ላይ ይወጣና ጫፉ ላይ ነጣ ይላል። በዓይኖቹ መካከል ነጭ መስመር አለው። ጉንጩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ አንገቱና ደረቱ ላይ ሰፋ ያለ ነጭ ምልክት፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦች። የነጥቦቹ አቀማመጥ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። ስለዚህ ደህና አድርጋችሁ ካነሳችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ወንድ ለይታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ሴቶቹ ቀንድ የላቸውም። ከጥጆቻቸው ጋር በቡድን ይሄዳሉ።

ከዲንሾ ብዙ ሳይርቅ የጋይሳይ ሜዳ አለ። ስፋቱ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ያሉት አጋዘኖች ጠባያቸው ትንሽ ይለያል። መኪና ሲያልፍ ቀና ብለው አይተው ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ። ከመኪናው የወረደ ሰው ሲያዩ ግን ይነቃሉ። ዲንሾ ላይ በእግር፣ ጋይሳይ ላይ በመኪና ማለት ይቻላል። እዚያው ሜዳ ላይ ቦሆር የሚባለውን የአንቴሎፕ ዓይነትና ከርከሮም ታገኛላችሁ። ቦሆር በጣም ፈሪ ነው፣ ረጅም ሌንስ ይፈልጋል።

ጋይሳይ ላይ እድለኛ ከሆናችሁ የሁለት ወንዶች ፉክክር ታያላችሁ። ይህን ለማየት ብቻ እንኳን ጉዞው ዋጋ አለው። ወንዶቹ ወዲያው አይዋጉም። ጎን ለጎን ይሆኑና በጣም ቀስ ብለው እርስ በርስ ይዞራሉ። የጀርባቸው ጸጉር ይቆማል። ጭራቸው ይነፋል፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ጸጉር ይገለጣል። እግራቸውን ሲያነሱ ከብዷቸው የሚያነሱት ይመስላል። ይህ ዙረት ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም አንዱ ዓይኑን ሰብሮ በመሄዱ ያበቃል። ለፎቶ አንሺ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። እንቅስቃሴው ዝግ ያለ ስለሆነ ውድ ካሜራ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ቀድሞ ማወቅና ቦታ ይዞ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ዋልያ። ዋልያን ለማየት የሚሻለው ቦታ ጨነቅ ነው። ካምፑ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከበላዩ የቧሂት ተራራ አለ። ግጭና እሜት ጎጎ አካባቢም ይገኛሉ። የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ያ ሜዳ ከከብት ግጦሽ አርፏል። ጨነቅ ላይ ያሉት ዋልያዎች ተጓዥ ለምደዋል፣ አንዳንዴ ከአጋዘኑ ባላነሰ ቅርበት ታገኟቸዋላችሁ። ግን መተማመኛ የለም። ጠዋት ሣሩ ላይ አየናቸው ብላችሁ ሌንስ እስክትቀይሩ ገደሉ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ከታች ያለ ጀርባ ብቻ ነው።

ዋልያ ሲቀርብ ግን ሌላ ነገር ነው። ያረጀው ወንድ ጥቁር ጺም አለው። ጸጉሩ ደማቅ ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ከፊት ለፊቱ ጉብታ ጉብታ አለው። በ400 ሚሊሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲጨምር ሌንሱ የበለጠ ያቀርባል) ካያችሁት ጉብታዎቹ አንዳንዶቹ ተፍቀው፣ አንዳንዶቹ ተሸርፈው ታገኛላችሁ። በግጭት ነው። ለእኔ የአንድ ወንድ ዋልያ ዕድሜና ታሪክ ፊቱ ላይ ሳይሆን እዚያ ቀንድ ላይ ነው የሚነበበው፣ ፎከሴንም እዚያ ላይ አደርጋለሁ።

አቀራረብ፦ የማምለጫውን መንገድ አትዝጉ

ሁለቱ እንስሳት ሲደነግጡ የሚሮጡበት አቅጣጫ የተለያየ ነው። ዋልያ ወደ ገደል ይሮጣል። አጋዘን ወደ ቁጥቋጦና ወደ ደን ይሮጣል። ይህን ካወቃችሁ ከግማሽ በላይ ችግር ተቃለለ። በዋልያውና በገደሉ አፋፍ መካከል በፍጹም አትግቡ። በአጋዘኑና በደኑ መካከልም እንዲሁ። ማምለጫው ክፍት መሆኑን የሚያይ እንስሳ ይረጋጋል። ማምለጫው የተዘጋበት እንስሳ ሃምሳ ሜትር ላይም ሆኖ ይበረግጋል፣ ገደል ላይ ከሆነ ደግሞ ግልገሎች ሊጎዱ ይችላሉ።

የነፋሱን ነገርም አስቡበት። ተራራ ላይ ነፋስ የራሱ ሰዓት አለው። ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ይወርዳል። ፀሐይ ቁልቁለቱን ካሞቀች በኋላ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ስሜን ላይ ከገደሉ አፋፍ ሆናችሁ ወደ ታች የምታነሱ ከሆነ ማለዳ ላይ ጠረናችሁ ቀድሟችሁ ይደርሳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ወደ እናንተ ይመጣል። ያኔ አፋፉ ላይ በደረታችሁ ተኝታችሁ ዋልያዎቹን ብዙ ጊዜ ሳይነቁ ማየት ትችላላችሁ። ጋይሳይ ሜዳ ስለሆነ ይህ ነገር ያን ያህል አያስጨንቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ፣ ስለሚያናድደኝ። አንዳንድ ጊዜ አብሯችሁ ያለ ሰው በቅንነት "ዞሬ ላባርርላችሁ?" ይላል። እንግዳው ፎቶ እንዲያገኝ አስቦ ነው። እምቢ በሉ። በትሕትና፣ ግን በግልጽ። ዋልያ በጠቅላላው ከአንድ ሺህ በታች ነው። የደጋ አጋዘንም ቢሆን ጥቂት ሺህ ብቻ ነው፤ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ በባሌ ብዙው ተገድሎ አልቆ ነበር። ከዚያ ተርፎ የመጣ እንስሳ ለአንድ ፎቶ ብሎ መባረር አይገባውም። የተባረረ እንስሳ ፎቶም ቢሆን ያስታውቃል። ዓይኑ ይፈጣል፣ ጭራው ይነሳል፣ ኋላው ወደ እናንተ ነው።

ምልክቶቹን ልመዱ። ማኘኩን ካቆመ፣ ጆሮው ወደ እናንተ ከቀና፣ አንድ እግሩን አንስቶ ከቆመ፣ ያኔ ባላችሁበት ቁሙ። መሬት ላይ ብትቀመጡ ይመረጣል። ማኘክ ሲጀምር ብቻ ቀጥሉ። ጥጃ ወይም ግልገል ያላት እናት ከሆነች ግን ጭራሽ አትጠጉ፣ ከሩቅ ይበቃል።

ብርሃኑ

እዚህ ላይ ባሌ ቀላል ነው፣ ስሜን ደግሞ ሒሳብ ይፈልጋል።

ጋይሳይ ሰፊ ሜዳ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ በጎን ይመጣል፣ በደረቁ ወራት ሣሩ ላይ አመዳይ ይኖራል፣ የእንስሳቱ ትንፋሽ ይታያል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከዚያ በኋላ አጋዘኖቹ ወደ ጥላ ይገባሉ፣ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀትም ከሩቅ የሚነሳን ፎቶ ያርገበግበዋል። ያኔ ወደ ዲንሾ ደን ተመለሱ። ደኑ ውስጥ ቀትር ላይም መሥራት ይቻላል። የምኒልክ ድኩላም እዚያው አለ። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው፣ ጥላ ውስጥ ሲቆም የሚታየው ዓይኑና ነጭ ነጥቦቹ ብቻ ናቸው።

ጠቆር ያለ እንስሳ ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ይሳሳትና ፎቶውን ያነጣዋል። ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንሱ (ስቶፕ የብርሃን መለኪያ ነው፣ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። የዋልያው ችግር በተቃራኒው ነው። አፋፍ ላይ ሲቆም ከኋላው ሰማይ ነው፣ ካሜራው እንስሳውን ያጠቁረዋል። አንድ ስቶፕ ወይም ከዚያ በላይ ጨምሩ።

የስሜን ገደል በአብዛኛው ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ፀሐይ የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው። ስለዚህ የገደሉ ፊት አብዛኛውን ቀን ጥላ ውስጥ ይቆያል። ዋልያው ገደሉ ላይ ካለ ፎቶው ሰማያዊ ይሆንባችኋል። በዚህ ወቅት ዋልያዎቹ ወደ ሜዳው ብቅ ሲሉ ማንሳት ነው የሚሻለው፣ ማለትም ጠዋትና ወደ ማታ። ከመጋቢት 12 ገደማ በኋላ ግን ፀሐይ የምትወጣውና የምትጠልቀው ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው። ያኔ የገደሉ ፊት ማለዳና አመሻሽ ላይ ብርሃን ያገኛል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቆላው ደመና እየተንሳፈፈ ይወጣል። አንዳንዱ ፎቶ አንሺ ደመናው ሲመጣ ካሜራውን ይከታል። እኔ ብሆን አልከትም። የአስታ ዛፍና ጅብራ በጭጋግ ውስጥ፣ ከመካከሉ ደግሞ ሁለት ቀንዶች ብቅ ሲሉ ከጠራው ሰማይ የበለጠ ስሜንን ይመስላል።

ወቅቱ

ለዋልያ ሁለት ጥሩ ወቅቶች አሉ፣ ጸባያቸው ግን አይገናኝም። አንደኛው ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። አየሩ ጥርት ያለ ነው። መሬቱ አረንጓዴ ነው። ግልገሎችም በዚያው ሰሞን ይወለዳሉ። ሁለተኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ይህ የመራቢያ ወቅታቸው ነው፣ ተለይተው የቆዩት ወንዶች ከሴቶቹ ጋር ይቀላቀላሉ፣ ቀንድ ለቀንድ ይገጫጫሉ። ቅድም እንዳልኩት ብርሃኑም ያን ጊዜ ወደ ገደሉ ይዞራል። ጉዳቱ አቧራ ነው። ከቆላው የሚነሳው ብናኝ ከኋላ ያሉትን ተራሮች ያደበዝዛቸዋል። ለመልክዓ ምድር የምትሄዱ ከሆነ ጥቅምትን ምረጡ። ለእንስሳው ጠባይ ከሆነ መጋቢትና ሚያዝያን። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ያለውን ተዉት፣ ዝናቡ አያሠራም።

ባሌ ላይ ዝናቡ ይረዝማል። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ እየመጣ እየሄደ ይዘንባል። የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የወንዶቹ ፉክክር ታኅሣሥ አካባቢ ጎላ ይላል። ግን ያን ጊዜ ብርዱ ከባድ ነው። ሌሊት ውሃ ይረጋል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም መጠባበቂያውን በውስጥ ኪሳችሁ ያዙት። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡም ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጡት፣ ሌንሱ ላይ እርጥበት ይቋጥራል።

ሌንሱ

አሁን ወደዚህ መጣን። ዲንሾ ላይ 70-300 ሌንስ በቂ ነው። እውነቴን ነው። ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ ሴንሰር) ባለው አሮጌ ካሜራ ላይ ከሆነ 300ው ወደ 450 የተጠጋ እይታ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ በላይ ደን ውስጥ ብዙም አያስፈልግም። ጋይሳይ ላይ 400 ቢኖር ጥሩ ነው። ከመኪና ስለምትሠሩ ትራይፖድ አያስፈልግም፤ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ባቄላ ወይም ሩዝ ሞልታችሁ መስኮቱ ላይ አስደግፉት። ሞተሩን ማጥፋት አትርሱ፣ ንዝረቱ ፎቶውን ያበላሻል።

ስሜን ላይ የሚያስቸግረው ክብደት ነው። 150-600 ሌንስ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ከ3,500 ሜትር በላይ ያ ሁለት ኪሎ አምስት ይሆናል። ለዚህ ነው ለስሜን 100-400ን የምመርጠው፣ ወይም ዙም የሌለው 300 ከትንሽ ቴሌኮንቨርተር (ሌንሱ የበለጠ እንዲያቀርብ ከሚገጠም ዕቃ) ጋር። ከዚያ በተጨማሪ ሰፊ ሌንስ፣ ለምሳሌ 24-70፣ የግድ ያዙ። የስሜን ምርጥ የዋልያ ፎቶ ብዙ ጊዜ ዋልያው ትንሽ ሆኖ ተራራው ትልቅ የሆነበት ነው። እንስሳው የፍሬሙን አንድ አሥረኛ ይዞ፣ ቀሪው ገደልና ሸለቆ ሲሆን፣ የት እንደሚኖር ይታያል። ባሌ ላይ ይህን ማግኘት ይከብዳል።

የሹተር ፍጥነትን በተመለከተ፣ ለቆመ እንስሳ 1/500 ሰከንድ ጥሩ ነው። ለግጭት ከ1/1000 አትውረዱ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ቢጨምር አትፍሩ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል። ዳገት እንደወጣችሁ ወዲያው አታንሱ። ልባችሁ እየመታ እጃችሁ አይጸናም። ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ጠብቁ። ስልክ ብቻ ያላችሁም ሂዱ፣ ዲንሾ ላይ የሚያስደስት ነገር ታገኛላችሁ፤ ግን ዙም አታድርጉ፣ እንስሳውን ከነደኑ አንሱት።

መንገዱና ጸጥታው

ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልቱ ፓርኩ ድረስ ይወስዳል። መንገድ ላይ ሻሸመኔ ከደረሳችሁና ትርፍ ቀን ካላችሁ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ጎራ በሉ። ቆርኬ በሜዳ ላይ ታገኛላችሁ፣ ለእጅ ማሟሻ ጥሩ ነው። ለስሜን ጎንደር ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና። ከደባርቅ ጨነቅ ድረስ መኪና ይገባል። ግን አንድ ሌሊት ደባርቅ ወይም ሳንቃበር ካምፕ አድሩ፣ ከፍታው ራስ ምታት ያመጣል።

ስሜን ላይ ታጣቂ ስካውት መያዝ ግዴታ ነው። ክፍያና ፈቃድ ደባርቅ ላይ፣ ለባሌም ዲንሾ ላይ ትጨርሳላችሁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም። ጸጥታን በተመለከተ፣ ካለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት ወዲህ የሰሜን ጎንደር መንገድ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ላለ አስጎብኚ ደውላችሁ ጠይቁ። እሱ "ቆዩ" ካላችሁ ቆዩ፣ ተራራው የትም አይሄድም። ባሌም ቢሆን ደውሎ መጠየቅ አይከፋም።

ሌላው ማወዳደሪያ፣ ዋናው እንስሳ ባይገኝስ የሚለው ነው። ስሜን ላይ ጭላዳ አይጠፋም። በመቶዎች ሆነው ሣር ሲለቅሙ መካከላቸው መቀመጥ ይቻላል። ባሌ ላይ ደግሞ የሳነቲ አምባ አለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፤ ቀይ ቀበሮን ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። በዚህ በኩል እኩል ናቸው።

ውጭ ለምትኖሩ

አገር ቤት እስክትመጡ እጃችሁን የምታፍታቱበት ቦታ አለ። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሼናንዶዋ ፓርክ ቅርባችሁ ነው። ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ሜዳ ላይ ነጭ ጭራ አጋዘን ማለዳና አመሻሽ አይጠፋም፣ ወንዶቹ በኖቬምበር ይነቃቃሉ። ዴንቨር ያላችሁት የበለጠ እድለኞች ናችሁ። በጎችን ከፈለጋችሁ በአይ-70 መንገድ ጆርጅታውን ሂዱ፣ ትልልቅ ቀንድ ያላቸው የዱር በጎች ከመንገዱ በላይ ባለው ዓለት ላይ ይታያሉ፣ በኖቬምበርና ዲሴምበር ይጋጫሉ። ለዋልያ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም፣ ቁልቁለቱም ጠባዩም ይቀራረባል። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በአብዛኛው ቢያንስ 25 ያርድ፣ 23 ሜትር ገደማ፣ መራቅ ይጠበቅባችኋል።

ለንደን ሪችመንድ ፓርክ አለ፣ ከ600 በላይ አጋዘን ይኖርበታል። በሴፕቴምበርና ኦክቶበር ወንዶቹ ሲያጓሩ ከሩቅ ይሰማል። እዚያ የሚጠየቀው ርቀት 50 ሜትር ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እውነትም አደገኛ ናቸው።

እስራኤል ያላችሁ የዋልያን የቅርብ ዘመድ ጎረቤት አድርጋችኋል። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተደበቀበት ዓይንጋዲ ላይ የኑቢያ የዱር ፍየል ውሃ ለመጠጣት ይወርዳል። ሚጽፔ ራሞን ላይ ደግሞ ማለዳ ወደ ከተማው መንገድ ድረስ ይመጣሉ። ከሁለቱ ለፎቶ ሚጽፔ ራሞንን እመርጣለሁ። የሸለቆው ጠርዝ ከኋላቸው ስለሚሆን ፍሬሙ ንጹሕ ነው፣ 70-200 ሌንስም ይበቃል። ጥላው ከመጥፋቱ በፊት፣ ፀሐይ እንደወጣች ድረሱ። ወንዶቹ የሚጋጩት በኦክቶበርና ኖቬምበር ስለሆነ ፈቃዳችሁን በዚያ ሰሞን አውጡ።